ካንሰር ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ድንገት ሲብስበት፦ ለሰሜን ሸዋ አስታማሚዎች ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ሲንቀጠቀጥ ማንም አይደነግጥም። ብርድ ነዋ! ጋቢ ይደረብለታል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ትኩስ ነገር ይመጣል። ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ወረድ ካላችሁ ደግሞ መንቀጥቀጥ ወባ ነው። ገጠር ከሆነ ምች ይባልና ዳማ ከሴ ይታሻል። ጤነኛ ሰው አንድ ሌሊት ቢታይ ብዙ ጊዜ ይነጋለታል። ከሳምንት በፊት ኪሞ (የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት) ለወሰደ ሰው ግን ያቺ አንድ ሌሊት ትበዛለች።

አስታማሚ ቸልተኛ ሆኖ አይደለም የሚዘገየው። ለእያንዳንዱ ምልክት ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ምክንያት አለ። ትኩሳቱ ብርድ ነው። የጀርባ ሕመሙ ብዙ ከመተኛት ነው። መቀባዠሩ ከድካም ነው። የቀረው ሁሉ ደግሞ "ኪሞው ነው"። ይህን የጻፍኩት እነዚያን ምክንያቶች እንድትጠራጠሩ ነው። ሐኪም አይተካም። መቼ እስከ ጠዋት መጠበቅ እንደማይቻል፣ እስከዚያ ምን እንደሚደረግ፣ ሆስፒታል በር ላይ ምን እንደሚባል ግን እዚህ ታገኛላችሁ።

በደህናው ቀን የሚዘጋጅ

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቤተሰብ ተሰብስቦ ቢመክር ክርክር ብቻ ነው የሚሆነው። ታማሚው ደህና እያለ፣ በቀን፣ ተነጋገሩና ጨርሱት።

አንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ጻፉ፦ የካንሰሩ ዓይነትና የት የት እንደተዛመተ፣ የኪሞው ስም፣ መጨረሻ የተወሰደበት ቀን፣ ሌሎች የሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ የማይስማማ መድኃኒት ካለ፣ የሚከታተለው ክፍል ስልክ። የኪሞውን ስም ካላወቃችሁ ነርሷን "እባክሽ ጻፊልኝ" በሏት። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የሚወስድ ከሆነ አስምሩበት፤ ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ቀኑን በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፉ። አንዱ ካርድ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ስለሚሞላ ከኪሞ በኋላ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ሲቆጠር ይምታታል። ወረቀቱን ፎቶ አንሱና የሁላችሁም ስልክ ውስጥ ይግባ።

ዲጂታል ሙቀት መለኪያ ግዙ። ፋርማሲ ይገኛል፣ ውድ አይደለም። በእጅ ግንባር እየዳሰሱ "ትንሽ ሞቅ ብሏታል" ማለት እዚህ አይሠራም።

መኪና። የወረዳው አምቡላንስ ብዙ ጊዜ ምጥ የያዛት እናት ይዞ ሌላ ቀበሌ ነው ያለው። የጤና ጣቢያውን ስልክ ያዙ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ከሁለቱም በተጨማሪ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ አንድ የኮንትራት መኪና ሹፌር አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ዋጋውንም ያኔውኑ ተስማሙ። መንገድ የሚዘጋበት ወይም ማታ መኪና የማይንቀሳቀስበት ጊዜ ከሆነ፣ ኪሞ በተወሰደ በሁለተኛው ሳምንት ታማሚው ከተማ ዘመድ ቤት ቢሰነብት ይሻላል። ለዚህ የሚከፋው ዘመድ ካለ ይክፋው።

የጤና መድን መታወቂያው መታደሱን እዩ። የሪፈር ወረቀት የሚጻፈው ከየት እንደሆነም እወቁ።

አሁን ደግሞ ከባዱ ነገር። ብዙ ቤት ውስጥ ታማሚው ካንሰር እንዳለበት አያውቅም። ልጆቹ ያውቃሉ፣ እሱ "ጨጓራ" ወይም "እጢ ቢጤ" ተብሏል። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን ድንገተኛ ክፍል ሲደረስ ምን እንደሚሆን እዩ፦

"ምን ሆኑ እናት?"

"ጨጓራዬን ነው ልጄ፣ ትንሽም አተኮሰኝ።"

ልጅየው እናቱ ፊት ላለመናገር መሬት መሬት ያያል። ነርሷ ጨጓራ ብላ ትጽፋለች። እናትየው ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ኪሞ መውሰዳቸውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አፉ ተዘግቷል። ምስጢሩን መጠበቅ ከመረጣችሁ እንኳ፣ ያን ወረቀት ነርሷ እጅ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ከወዲሁ ይመደብ።

ትኩሳት፦ ሰዓት የሚቆጠርበት

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ትይዛላችሁ ቢባል ይህን እመርጣለሁ። ኪሞ ካንሰሩን ሲመታ ነጭ የደም ሴሎችንም ይመታል። ብዙውን ጊዜ ከተወሰደ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ቁጥራቸው ወደ ታች ይወርዳል። ኢንፌክሽንን ቀድመው የሚዋጉት ሴሎች በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ500 በታች ሲወርዱ ተራ ጀርም በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ገብቶ የደም ግፊት ሊጥል ይችላል። ግራ የሚያጋባው ደግሞ መግል የሚሠሩት፣ ቁስል የሚያቀሉት እነዚያው ሴሎች መሆናቸው ነው። ስለዚህ መግልም ቅላትም ሳይኖር ትኩሳት ብቻ ይታያል። አንዳንዴ ትኩሳቱም አይታይም። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ትኩሳትን ይደብቃሉ፤ አስምሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ቡና ወይም ትኩስ ነገር ከጠጣ 20 ደቂቃ ጠብቁ። መለኪያውን ከምላስ ሥር አድርጉ፣ አፍ ይዘጋ። ብብት ውስጥ ከሆነ ንባቡ ትንሽ ዝቅ ስለሚል፣ 37.5 ካለፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድገሙት። በፊንጢጣ በፍጹም አትለኩ፤ ትንሽ ጭረት የጀርም በር ትከፍታለች። ለዚያው ምክንያት በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒትም ሆነ ማጠቢያ አይሰጥ።

38 ከሆነ ጉዞ ነው። ሌሊት ቢሆንም፣ ዝናብ ቢሆንም። ሙቀቱ 38 ባይደርስም አጥንት የሚያንቀሳቅስ ብርድ ብርድ ካለው፣ ከተቀባዠረ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ያው ጉዞ ነው። ከ36 በታች የወረደ ሙቀት ከእነዚህ ጋር ሲመጣ ደግሞ የባሰ ነው።

ፓራሲታሞል ሳትለኩ አትስጡ። ቁጥሩን ያወርዳል፣ በሽታውን ግን አይነካም፤ ከዚያ "ለቀቀው" ተብሎ ይተኛል። ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ሰጥታችሁም አትጠብቁ።

ቆላው ላይ ያላችሁ የወባ ምርመራው ይደረግ። ችግር የሚሆነው ወባ ተገኘ ተብሎ ሌላው ሲተው፣ ወይም ውጤት እስኪመጣ አንቲባዮቲክ ሲዘገይ ነው። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ሕክምናው በሆስፒታል በደረሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር የሚሰጥ ጠንካራ አንቲባዮቲክ ነው። እንደ ሴፌፒም፣ ሴፍታዚዲም ወይም ፒፐራሲሊን ከታዞባክታም ያሉት ናቸው። ለሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) እና ለደም ካልቸር (ጀርም ደም ውስጥ መኖሩን ለሚያሳይ ምርመራ) ደም የሚቀዳው አንቲባዮቲኩ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ፈሳሽም ይሰጣል። ከሆስፒታል ብዙ ሰዓት ርቃችሁ ከሆነ ጤና ጣቢያውን እለፉት ማለት አይደለም። ተረኛው ባለሙያ ወደ ሆስፒታሉ ደውሎ፣ ያለውን አንቲባዮቲክ የመጀመሪያ ዶዝ በደም ሥር ሰጥቶ፣ ሰዓቱን ሪፈሩ ላይ ጽፎ መላክ ይችላል። ይህን በትሕትና ጠይቁ። መርፌው ቂጥ ላይ እንዳይወጋ ግን ንገሩ፤ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) አንሶ ከሆነ ጡንቻው ውስጥ ደም ይፈስሳል።

ለመከላከል ያህል፦ ኪሞ ከተወሰደ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅር፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ በር ላይ ሰላም ብሎ ይመለስ። ጸበሉን ተዉት አላልኩም። ነጭ ሴሉ ወርዶ ሳለ ቀዝቃዛ ጸበል ውስጥ መነከርና ከምንጭ እንዳለ መጠጣት ግን ለሌላ ሳምንት ይቆይ። ጾሙንም ለንስሐ አባት ንገሯቸው። በጠና የታመመ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ እንዲቆይ የሚያዝዙ አባት አላጋጠሙኝም።

የጀርባ ሕመምና የከዳ እግር

የጡት፣ የፕሮስቴት፣ የሳንባ ካንሰርና ማልቲፕል ማይሎማ (ከአጥንት መቅኔ የሚነሳ ካንሰር) አከርካሪ አጥንት ላይ መውጣት ይወዳሉ። እዚያ ያበጠው ነገር በአከርካሪው መሃል የሚያልፈውን ነርቭ ሲጫን ሰውየው ሽባ ይሆናል። የሚያሳዝነው ነገር፣ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ለሳምንታት ይናገራል። ሰሚ ያጣል እንጂ።

ሕመሙ አዲስ ነው ወይም ጠባዩ ተለውጧል። ሲተኙበት ይብሳል፤ ከእርሻና ከሸክም የሚመጣው ወገብ ግን ብዙውን ጊዜ ሲተኙበት ቀለል ይላል። ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ ይወጋል። ደረትን ወይም ሆድን እንደ ቀበቶ ይጨምቃል። ከዚያ እግር ይከብዳል፣ ደረጃ ያቅታል፣ እግር ጣት ይደነዝዛል። ሽንት አልወጣ ማለትና ሰገራ ማምለጥ መጨረሻ ላይ የሚመጡ ናቸው። እነሱን አትጠብቁ።

ቤት ውስጥ የምትሠሯት ቀላል ፍተሻ አለች። ዱካ ላይ አስቀምጧትና እጅዋን ሳትደገፍ እንድትነሳ ጠይቋት።

"እማዬ፣ እስቲ ሳትደገፊ ተነሺ።"

"እግሬ ከዳኝ ልጄ። ትንሽ ልረፍበት፣ ይተወኛል።"

ባለፈው ሳምንት ትነሳ ከነበረና ዛሬ ካቃታት፣ አይተዋትም። ዛሬውኑ ውሰዷት።

ወጌሻ አይጠራ። መታሸት፣ መረገጥ፣ መሳብ የለም። በካንሰር የተበላ አከርካሪ ሲጎተት ሊሰበር ይችላል። ጠንካራ ፍራሽ ወይም ቃሬዛ ላይ በጀርባዋ አስተኟት። ስትገለብጧት ሦስት ሰው ሆናችሁ ራስ፣ ወገብና እግርን ባንድ ላይ አዙሩ። መኪናው ውስጥም ተጋድማ ትሂድ።

ሆስፒታል ውስጥ ዴክሳሜታሶን ወዲያው ይጀመራል፤ የተለመደው መነሻ በቀን 16 ሚሊግራም ነው። የመላው አከርካሪ ኤምአርአይ ይነሳል፣ ከዚያ ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና ይወሰናል፤ ሁሉም በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። በእግሩ እየሄደ የደረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እየሄደ ይቀጥላል። ሽባ ሆኖ የደረሰ ግን መመለሱ ይጠብባል። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ነበር፤ ዛሬም ከሰሜን ሸዋ ለጨረር የሚላከው ሰው ጉዞው ወደ አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ዴክሳሜታሶኑ ከጉዞው በፊት ይሰጥ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁት። አዲስ አበባ እስኪደረስ የሚጠበቅበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ትንፋሽ፣ ያበጠ ፊት፣ ያበጠ እግር

ጠዋት ሲነሳ ፊቱና ዓይኑ ዙሪያ ያብጣል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ይጠብበዋል፣ የአንገትና የደረት ሥሮች ይገተራሉ፣ ጎንበስ ሲል ራሱ የሚፈነዳ ይመስለዋል። ይህ ወደ ልብ የሚመለሰው ትልቁ የደም ሥር ደረት ውስጥ በእጢ ሲጨቆን የሚመጣ ነው። የሳንባ ካንሰርና ሊምፎማ (የሊምፍ እጢ ካንሰር) ዋነኞቹ መነሻዎች ናቸው። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ አታስተኙት። ግሉኮስ የሚተክሉትን ባለሙያዎችም እጁ ላይ ከመትከላቸው በፊት ፊቱ እንደሚያብጥ ንገሯቸው።

አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመና ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ካንሰር ደም ያረጋል። አታሹት፣ ዘይትም አትቀቡት፤ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ደረት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከመጣ ገብቷል ብላችሁ አስቡና ሩጡ።

ሌላውም የትንፋሽ ማጠር፣ ሳንባ ዙሪያ ውሃ መቋጠርም ይሁን የደም ማነስ፣ ቤት ውስጥ አይለይም። ከደብረ ሲና በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የምትወጡ ከሆነ ከፍታው ራሱ ትንፋሽ ይጨምራል። ኦክስጅን ያለው አምቡላንስ ለእነዚህ ሰዎች ይለመንላቸው።

ደም

ነስር ሲመጣ ቀና አታድርጉ። ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይቀመጥ፣ የአፍንጫው ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣት ለ15 ደቂቃ ይጨመቅ፤ መሃል ላይ እየለቀቁ ማየት የለም። ካልቆመ፣ ወይም ቆዳ ላይ እንደ ቁንጫ ንክሻ ያሉ ቀያይ ነጥቦች ከወጡ፣ ድድ ከደማ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ፕላትሌት አንሷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ይሂድ። አስፒሪን፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለራስ ምታት ብላችሁ አትስጡ።

የማህፀን በር ካንሰር ያለባት ሴት ደም በብዛት ሊፈስሳት ይችላል። እግሯ ከፍ ብሎ ትተኛ። ንጹህ ጨርቅ ከውጭ ይደረግ፣ ወደ ውስጥ ምንም አይጠቅጠቅ፤ ያን ሆስፒታል በንጹህ ፋሻ ይሠራዋል። ስንት ጨርቅ እንደራሰ ቁጠሩ፤ ሐኪሙ ይጠይቃችኋል። ደም የሚሰጡ ሁለት ሦስት ዘመዶች አብረው ቢሄዱ ጥሩ ነው።

ራስ፣ ቅዠት፣ መንዘፍዘፍ

ሰው ሲንዘፈዘፍ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ልማዳችን ነው። ምንም አይሠራም፣ ሊያቃጥልም ይችላል። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይግባ። በጎኑ አዙሩት፣ ከራሱ ሥር ነጠላ አድርጉ፣ ሰዓት እዩ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ካንሰር ያለበት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ካንዘፈዘፈው ግን በአንድ ደቂቃ ቢቆምም ያው ቀን ይታይ። ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታትና ማስመለስም አንጎል ውስጥ ግፊት እንዳለ ይጠቁማል።

መቀባዠር ብዙ መነሻ አለው። ብዙ የሚረሳው ደም ውስጥ ካልሲየም መብዛት ነው። ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ መፍዘዝ። እርጅና ወይም ተስፋ መቁረጥ ተብሎ ይታለፋል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በፈሳሽና ዞሌድሮኒክ አሲድን በመሰለ መድኃኒት ይታከማል። "አጥንት ይጠግናል" ተብሎ የተገዛ የካልሲየም ወይም የቫይታሚን ዲ ክኒን ካለ ይዛችሁት ሂዱ፣ እስኪታይ ድረስ አትስጡት።

ሞርፊን የሚወስድ ሰው መነሳት ካቃተው፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበና በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ መድኃኒቱ በዝቶበታል፤ ማፍረሻ መርፌ አለው። ሞርፊን የሞት ምልክት ነው የሚባለውን ግን አትስሙ። ሰውን በሕመም ማሰቃየት ነው ትርፉ።

ሆድና ሽንት

ሆዱ ተነፍቶ፣ ጋዝ እንኳ አልወጣ ብሎ የሚያስመልስ ሰው አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ኮሶም ሰናመኪም አይሰጥ። በተቃራኒው ከኪሞ በኋላ ተቅማጡ ከወትሮው በቀን 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ በተለይ ከትኩሳት ጋር፣ ኦአርኤስ እየሰጣችሁ ሂዱ። ሊምፎማ ወይም የደም ካንሰር ያለበት ልጅ ኪሞ በጀመረ በ3 ቀን ውስጥ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ጡንቻው ከተኮማተረ ወይም ልቡ ከደለቀ፣ የሞቱት የካንሰር ሴሎች ደሙን እየበከሉት ነው። ኩላሊትና ልብ ላይ ስለሚወጣ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ሆስፒታል በር ላይ

ረጅም ታሪክ አትጀምሩ። ይህን በሉ፦ "የካንሰር ታማሚ ናት። ኪሞ ከወሰደች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ሙቀቷ 38.6 ነበር።" ለጀርባ ከሆነ፦ "የጡት ካንሰር አለባት፣ ከትናንት ጀምሮ እግሯ ከዳት።" ወረቀቱን ስጡ። ካርድ የሚያወጣው ሌላ ሰው ይሁን፣ አንዳችሁ ከታማሚው አትለዩ። "ቁጭ በሉ፣ ተራ ጠብቁ" ከተባለ ሳትጣሉ ያንኑ ለሐኪሙ ድገሙት።

ሁሉም ሰው ወደ አዲስ አበባ መጎተት አለበት ማለት ግን አይደለም። ሕክምናው ያበቃለት፣ ቤቱ መሆን የሚፈልግ ሰው ካለ ይህን አስቀድማችሁ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት። ያኔም ሕመሙን፣ የትንፋሽ ማጠሩንና ጭንቀቱን የሚያስታግሰው መድኃኒት ቤት መኖር አለበት።

ደህና ሆኖ ለሚወጣው፣ ከመውጣታችሁ በፊት ቀጣዩ ኪሞ መቼ እንደሆነ፣ መጠኑ ይቀነስ እንደሆነና ነጭ ሴል የሚያነሳው ፊልግራስቲም የሚባለው መርፌ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ። መርፌው ኪሞው ካለቀ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በኋላ ስለሚጀመር አስቀድሞ መገዛት አለበት። የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። መሐል ሜዳ ድረስ የምትወስዱት ከሆነ፣ በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚያዝ ፋርማሲስቱ አሳይቷችሁ ውጡ።